ቡናውን ያውቃል፤ ገበሬውን አያውቅም

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። አምና በታኅሣሥ፣ የቡናው ለቀማ ገና ሳያልቅ፣ አራት ሆነን ከዲላ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ ሄድን። ከአራታችን የአንዱ ቤተሰቦች እዚያው አካባቢ ቡናና እንሰት ተክለው የሚኖሩ ስለ ሆኑ ለመሄድ ምክንያት አላጣንም። ከዘመድ ጥየቃው በላይ ግን ልናሳየው የምንጓጓለት አንድ ሥራ ነበረን። ይኸውም ከሰባት ወር በፊት ለአካባቢው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ያለ ዋጋ ሠርተን ያስረከብነው ድረ ገጽ ነው። በተማሪ ወግ ራሳችንን እንደ ትልቅ ባለ ሙያ ቈጥረን፣ ሲያመሰግኑን በትሕትና የምንመልሰውን ቃል እንኳ በመንገድ ላይ አዘጋጅተን ነበር።

ቡናው ተፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ የጓደኛችን አጎት ወደ ስልካችን እያመለከቱ፣ «እስቲ ያን መሣሪያ ጠይቁት። የይርጋጨፌን ቡና ያውቃል?» አሉን። በላቲን ፊደል ጽፈን ጠየቅነው። መልሱን ወዲያው ዘረገፈው። የአሜሪካ ቡና ቆዪ፣ የጀርመን ቡና ቆዪ፣ የጃፓን ቡና ቆዪ፤ የከረጢቱ ሥዕል ከነዋጋው፤ ሽታው አበባ አበባ ይላል፣ ጣዕሙ ሎሚ ሎሚ ይላል የሚል ማብራሪያ ጭምር። ጋሼ ስንተረጕምላቸው በጥሞና ሰሙን። ቀጥለውም፣ «ደግ ነው፤ አሁን ደግሞ ማኅበራችንን ጠይቁት» አሉ። ጠየቅነው፤ የለም። ስሙን አስተካክለን ጻፍን፤ የለም። የቀበሌውን ስም ጨመርንበት፤ አሁንም የለም። ከመካከላችን አንዱ፣ «ጋሼ፣ ኔትወርኩ ደክሞ ይሆናል» ብሎ ለማምለጥ ሞከረ። እሳቸው ግን ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ጃፓንን ያመጣ ኔትወርክ እኛ ዘንድ ሲደርስ ደከመ? ቡናዬን ያውቀዋል፤ እኔን ግን አያውቀኝም ማለት ነው» አሉ።

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣችም። የዚህ ጽሑፍ ምክንያትም እርሷ ናት። ውድ አንባቢያን፣ ስለ ድረ ገጽና ስለ ፍለጋ ሞተር ማውራት የኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎች ጉዳይ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት እንለምናለን። ነገሩ የስም ጉዳይ ነው። ስም ደግሞ በይርጋጨፌ እንጀራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የፍለጋ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንናገር። ብዙ ሰው ጉግልን ሲጠይቅ፣ መሣሪያው በዚያች ቅጽበት ዓለምን ዞሮ የሚፈልግለት ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። መሣሪያው አስቀድሞ፣ ሌት ተቀን፣ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በማስፈንጠሪያ እየተሻገረ ያነባል፤ ያነበበውንም እንደ ትልቅ መዝገብ አድርጎ ያስቀምጣል። ጠያቂ ሲመጣ ከመዝገቡ አውጥቶ፣ ይበልጥ ይጠቅማል ያለውን አስቀድሞ በተራ ይደረድራል። እንግዲህ ሦስት ደረጃ አለ፤ መድረስ፣ መመዝገብ፣ መደርደር። ወደ ገጹ ካልደረሰ አይመዘግበውም፤ ያልመዘገበውንም ሊደረድረው አይችልም።

ድርደራውን በተመለከተ፣ የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት አሳብ ለጌዴኦ ሰው እንግዳ አይደለም። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተሰብስበው ነገር ሲሰሙ፣ ሰውየው ስለ ራሱ የተናገረውን ብቻ አይመዝኑም፤ ማን ይመሰክርልሃል ይሉታል። ምስክሩም ራሱ የተመሰከረለት ሰው ከሆነ ቃሉ ይከብዳል። የሁለቱ ተማሪዎች አሳብም ይኸው ነው። አንድ ገጽ ወደ ሌላው ገጽ የሚያመለክት ማስፈንጠሪያ ሲያኖር እንደ ምስክርነት ይቈጠራል፤ ብዙ ምስክር ያለው ገጽ የመሰከረለት ደግሞ የበለጠ ይታመናል። ዛሬ መሣሪያው ከዚህ ሌላ ብዙ ነገር ይመዝናል፤ መሠረቱ ግን አልጠፋም።

አሁን ወደ ኃጢአታችን እንመለስ። ያን ዕለት ማታ ኮምፒዩተራችንን ከፍተን የሠራነውን ገጽ መረመርን። የሚያሳፍር ቢሆንም እውነቱን መናገር ይገባናል። ድረ ገጹን የሠራነው በዎርድፕሬስ ነው። በዚያ ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የሚያሳስብ አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች። ሥራው ሳያልቅ ሰው እንዳያየው ብለን ምልክት ያደረግንባት እኛው ራሳችን ነን፤ ሥራው ሲያልቅም ምልክቱን ማንሣት የረሳን እኛው ነን። ሰባት ወር ሙሉ የማኅበሩ በር ላይ «አትግቡ» የሚል ማስታወቂያ ሰቅለን፣ እንግዳ ለምን አልመጣም ስንል ከረምን። ለጋሼ ይህን በማግስቱ ስንነግራቸው አልተቈጡም። «ልጆች ናችሁ፤ በር ዘግቶ ቍልፉን መርሳት የልጅ ነው» ብለው ዝም አሉ። ቢቈጡን ይሻለን ነበር።

ምልክቱን ማንሣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ በሩ ቢከፈትም ቤቱ ባዶ መሆኑን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው። እስቲ መነሻ ገጻችን ምን ይመስል እንደ ነበር እንግለጽ። ከላይ የሚንሸራተቱ አምስት ትልልቅ ፎቶግራፎች፤ ከነዚያ በታች «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደኅና መጡ»፤ ከዚያ በታች ራእይ፣ ተልእኮና እሴት። በቃ። የገጹ አርእስት፣ ማለትም የፍለጋ ሞተር በሰማያዊ ፊደል ጽፎ የሚያሳየው ስያሜ፣ «መነሻ» ይላል። የማን መነሻ? የምን መነሻ? በዓለም ላይ ስንት ሺህ «መነሻ» አለ? ይርጋጨፌ የሚለው ቃል እንኳ በገጹ ላይ በጽሑፍ አንድ ጊዜም አልተገኘም። በማኅተሙ ሥዕል ውስጥ ነበረ፤ የሥዕል ፊደል ግን እንደ ተጻፈ ቃል አይቈጠርም፤ በሥዕል ውስጥ ያለውን ስም ከገጹ ጽሑፍ እኩል ያነብልኛል ብሎ መተማመን ዘበት ነው።

ከፎቶግራፎቹም አንዱ ጉድ አፈላብን። ከድረ ገጹ ቅጽ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ እኛም አረንጓዴ ስለ ሆነ ብቻ ትተነዋል። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው ጥቂት አስተዋሉትና፣ «ይህ የማን አገር ቡና ነው? ጥላው የታለ?» አሉ። እውነትም በገላጣ ዳገት ላይ በመስመር የተተከለ የሌላ አህጉር ቡና ነበር። የጌዴኦ ቡና በወንዛና በብርብራ ጥላ ሥር፣ ከእንሰት ጋር ጐን ለጐን የሚያድግ መሆኑን የማያውቅ የአካባቢው ልጅ የለም። ዛፍ፣ እንሰትና ቡና ተደራርበው የሚኖሩበት ይኸው አሠራር ነው የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ያስመዘገበው። ዓለም የመዘገበውን እኛ በማኅበሩ መነሻ ገጽ ላይ በባዕድ ፎቶግራፍ ሸፈንነው።

በማግሥቱ ጧት ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርን፤ የጀመርነው ግን ከኮምፒዩተሩ ሳይሆን ከሰው ነው። ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ወርደን ጠየቅን። እሸቱ መቼ ይለቀማል? ከተፈለፈለ በኋላ በገንዳው ስንት ሰዓት ይቈያል? በአልጋ ላይ በስንት ቀን ይደርቃል? ታጥቦ የሚዘጋጀውና ከነገለባው የሚደርቀው በምን ይለያያል? እርሻዎቹ ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው? እኛ በቡና አገር አድገን ከነዚህ ጥያቄዎች ብዙዎቹን መመለስ አለመቻላችን ሌላ ዕፍረት ነው። አልጋው ላይ የረጠበውን ቡና የሚያገላብጡት ሴቶች ግን ሳያስቡ መለሱልን። እየሣቁም ቢሆን።

የመጣልንን መልስ ይዘን መነሻ ገጹን እንደገና ጻፍነው። አርእስቱን ከ«መነሻ» ወደ «የይርጋጨፌ ቡና ከራሳቸው ከገበሬዎቹ» ለወጥነውና የማኅበሩን ስም አስከተልንበት። ብዙ ጊዜ የፍለጋ ሞተሩ ከ60 ፊደል ገደማ ያለፈውን ስለሚቈርጠው ዋናው ቃል ከፊት መሆን አለበት። ከአርእስቱ ሥር የሚታየውን አጭር መግለጫም በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፍን፤ ማን እንደ ሆንን፣ የት እንዳለን፣ ምን እንደምንሸጥ። በገጹ ውስጥ አንድ ዋና አርእስት ብቻ አኖርን፤ ከሥሩ ንኡስ አርእስቶች አሰለፍን፦ «ቡናችን የት ይበቅላል»፣ «እንዴት እናጥበዋለን»፣ «እንዴት መግዛት ይቻላል»። ገዢ ስንት ከረጢት እንደሚያገኝ ማወቅ ስለሚፈልግ፣ አንድ ከረጢት 60 ኪሎ፣ አንድ ኮንቴይነርም ወደ 320 ከረጢት መሆኑን ጠቅሰን በየወቅቱ ሊገኝ የሚችለውን መጠን ጻፍን። ራእይና ተልእኮ? የማኅበሩ ሊቀ መንበር እንዳይከፋቸው ወደ ሌላ ገጽ አዛወርናቸው። በፊት በር ላይ የሚቆም እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቤቶች፣ ማናችሁ?» ብሎ እንጂ «ራእያችሁ ምንድን ነው?» ብሎ አይደለም።

ፎቶግራፎቹን በተመለከተ፣ አምስቱን አንሥተን ሁለት አኖርን፤ ሁለቱም እዚያው የተነሡ ናቸው። ለእያንዳንዱም ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ በቃል የሚናገር መግለጫ አስገባን። ይህ መግለጫ ለፍለጋ ሞተሩ ብቻ ሳይሆን፣ ዐይናቸው ለማያይ ሰዎች ገጹን ድምፅ እያወጣ ለሚያነብላቸው መሣሪያም ይጠቅማል። የፎቶግራፎቹንም ክብደት ቀነስን። የቀድሞዎቹ እያንዳንዳቸው ከ5 ሜጋ ባይት በላይ ነበሩ፤ በይርጋጨፌ ኔትወርክ ገጹ እስኪከፈት ሁለተኛው ሲኒ ቡና ይደርስ ነበር። ጉግል የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ መልካም ነው ይላል። ደግሞም ድረ ገጾችን የሚመዘግበው በኮምፒዩተር በሚታየው መልክ ሳይሆን በስልክ በሚታየው መልክ ነው፤ ይህን ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2023 አጠናቆታል። እኛ ግን ገጹን የሠራነውና የመረመርነው በዩኒቨርሲቲው ትልቅ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠን ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣብን የፊደል ነገር ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ የማኅበሩን ታሪክ ከዓመታት በፊት በአንድ አሮጌ የአማርኛ ፎንት ጽፋ አስቀምጣ ነበርና ፋይሉን ሰጠችን። ወደ ድረ ገጹ ብንገለብጠው የማይነበብ የላቲን ምልክት ሆኖ ወጣ። ፊደላችን ዓለም አቀፍ በሆነው በዩኒኮድ ሥርዓት ቦታውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በአሮጌዎቹ ፎንቶች የተጻፈው ግን ለዐይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ለመሣሪያው አማርኛ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ እንዲህ ታስሮ የቀረ ስንት ጽሑፍ ይኖር ይሆን? እኛ የማኅበሩን ታሪክ አንድ ሌሊት ተቀምጠን ቃል በቃል እንደገና ጻፍነው።

ስሙስ ቢሆን? ይርጋጨፌን አንዱ አጣምሮ፣ ሌላው ለያይቶ «ይርጋ ጨፌ» ብሎ ይጽፈዋል፤ «ጬ» የሚያደርገውም አለ። በላቲን ፊደል ደግሞ አንዱ በሁለት ኤፍ፣ አንዱ በአንድ ኤፍ፣ አንዱ በዋይ፣ አንዱ በአይ ይጀምረዋል። ፍለጋ ሞተሩ ብዙውን ጊዜ እነዚህን እንደ አንድ ማየት ተምሯል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እኛም ከተከራከርን በኋላ፣ በአርእስት ሁሉ አንዱን አጻጻፍ ይዘን፣ ሌሎቹን በአንድ ዐረፍተ ነገር «እንዲህም ተብሎ ይጻፋል» ብለን አንድ ጊዜ ብቻ ጠቀስን። ለገዢዎች የእንግሊዝኛ ገጽ፣ ለአገር ሰው የአማርኛ ገጽ፣ እያንዳንዱን በየራሱ አድራሻ አደረግን። እዚህ ላይ የጌዴኦው ጓደኛችን፣ «ቡናው የማን ነው? የአባቶቼ ቋንቋስ የት ሄደ?» አለን። ልክ ነበር። በላቲን ፊደል የሚጻፈውን የጌዴኦን ቋንቋ አንድ አጭር ገጽ እርሱ ራሱ ጻፈ። በዚያ ቋንቋ ማን ይፈልጋል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ የሚገኝ ነገር ከሌለ ማንም አይፈልግም ብለን እንመልሳለን።

አንባቢያችን «ይህን ሁሉ ለአንድ ማኅበር ገጽ?» ሊለን ይችላል። ስለ ስም መድከም ግን በይርጋጨፌ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት አመለከተ። ለሲዳሞና ለሐረር ከአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ገጠመው፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረውም ክርክር በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተወራ። ይርጋጨፌ ተመዘገበ፤ ከስታርባክስም ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ተፈረመ። በዚያ ክርክር መካከል የቆመው ጥያቄ፣ ስሙ የማን ነው የሚል ነበር። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምር፣ በዚያ በኩል የሚያልፈው ቡና በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ከሌላው ጋር ይቀላቀል ስለ ነበር፣ ገዢው ይርጋጨፌ መሆኑን እንጂ የየትኛው ጣቢያ ቡና መሆኑን አያውቅም ነበር። በዩኒየናቸው በኩል በቀጥታ ወደ ውጭ የሚልኩት ማኅበራት ብቻ ስማቸው አብሮ ይሄድ ነበር፤ ሥርዓቱ የተሻሻለው እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ነው። እንግዲህ ስሙ በአሜሪካ መዝገብ ተከብሮ፣ በመጋዘኑም ተለይቶ ሳለ፣ በፍለጋ መዝገብ ውስጥ በራሳችን ስንፍና ቢጠፋ ማንን እንከሳለን?

ሌላም የከበደ ነገር አለ። «ጌዴኦ» ብለን ስንፈልግ ከሚወጡት መካከል እ.ኤ.አ. በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ከቤቱ የተፈናቀለበት የመከራ ዜና ይገኛል። ያ መከራ እውነት ነው፤ ይረሳ አንልም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ የሚታወቀው በደረሰበት ብቻ ሲሆን፣ የሚሠራው፣ የሚተክለውና የሚያውቀው ሳይጻፍ ሲቀር፣ ጉዳቱ ሁለት ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ የመከራውን ዜና መደበቅ ሳይሆን ሌላውንም መጻፍ ነው። ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ጉግል ገጾችን ከመደርደር አልፎ መልሱን ራሱ አጠናቅሮ ከላይ ማቅረብ ጀምሯል። የሚያጠናቅረው ግን ሰዎች ከጻፉት ነው። ያልጻፈ ሰው በሌላው አፍ ይነገራል።

በመካከሉ ፈተና አልጠፋም። አንድ ራሱን የፍለጋ ሊቅ ነኝ የሚል ሰው በቴሌግራም አግኝቶን፣ በሳምንት ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ አስይዛችኋለሁ፣ ሺህ ማስፈንጠሪያም እሸጥላችኋለሁ አለን። ጉግል ራሱ የመጀመሪያውን ቦታ ማንም ዋስ ሆኖ ሊሰጥ አይችልም ብሎ ያስጠነቅቃል፤ የተገዛ ማስፈንጠሪያንም እንደ ሐሰት ምስክር ያየዋል። ከመካከላችንም አንዱ፣ «ይርጋጨፌ የሚለውን ቃል በነጭ ፊደል ነጭ ላይ መቶ ጊዜ ብንጽፈውስ? ሰው አያየውም፤ መሣሪያው ግን ያነበዋል» የሚል ዘዴ አመጣ። ይህ የድሮ ብልጠት ነው፤ ዛሬ ያስቀጣል። ለመሣሪያው ብቻ ተብሎ በስውር የሚጻፈውን የቍልፍ ቃላት ዝርዝርም ቢሆን ጉግል ለድርደራው እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል። ጋሼ ይህን ክርክር ሰምተው፣ «ጠጠር የተቀላቀለበት ቡና በሚዛን ይከብዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ገዢው አይመጣም» አሉ። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

ምስክር ፍለጋ ግን በእውነተኛው መንገድ ሄድን። ማኅበሩን የሚያውቁትን፣ ከእርሱም ጋር የሚሠሩትን መሥሪያ ቤቶችና አንድ የውጭ አገር ቡና ቆዪ ጻፍንላቸው፤ በገጻችሁ ላይ ስማችንን ስትጠቅሱ አድራሻችንንም አኑሩልን አልናቸው። ግማሾቹ መለሱ፤ ግማሾቹ እስከ ዛሬ ዝም ብለዋል። ቡና ቆዪው ግን በሦስት ቀን ውስጥ የማኅበሩን አድራሻ ከቡናው ሥዕል ሥር አኖረ፤ የሚገርመው፣ ቀድሞም ሊያደርገው ፈልጎ ገጹን ፈልጎ አጥቶት ነበር። ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን አልተያየንም።

ውጤቱስ? ማጋነን አንፈልግም። ገጹን በጉግል ሰርች ኮንሶል አስመዝግበን የገጾቹን ዝርዝር ካስገባን በኋላ በ11ኛው ቀን በመዝገቡ ገባ። ዛሬ የማኅበሩን ስም የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያው መስመር ላይ ያገኘዋል። የቀበሌውን ስም ከቡና ጋር አጣምሮ የሚጽፍም ያገኘዋል። «የይርጋጨፌ ቡና» ብቻ ብሎ የሚፈልግ ግን ዛሬም የሚያየው እነዚያኑ የባሕር ማዶ ሱቆች ነው፤ እነርሱ ብዙ ዓመት የጻፉ፣ ብዙ ምስክር ያላቸው ናቸውና በአንድ ወቅት አይቀደሙም። ሁለት የጥያቄ ደብዳቤዎች መጥተዋል፤ አንዱ ናሙና ጠይቋል። ይህን ለጋሼ በስልክ ብንነግራቸው፣ «ታዲያ የእሸቱ ዋጋ ጨመረ?» አሉን። «ገና ነው፣ ጋሼ» አልን። «ቡናም ተተክሎ በሦስት በአራት ዓመቱ ነው የሚያፈራ፤ ግን ይታረማል፣ ዝም ብሎ አይተውም» አሉን።

ማረሙን ነው አሁን የምንፈራው። ድረ ገጽ እንደ ሐውልት አንድ ጊዜ ቆሞ አይቀርም። አድራሻው በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ ያልተከፈለ ዕለት ይዘጋል። የወቅቱ ምርት ይለወጣል፤ ስልክ ቍጥር ይለወጣል፤ የአምናን የሚያወራ ገጽ የሞተ ሰው ደጃፍ ይመስላል። እኛ ደግሞ በቅርቡ ተመርቀን እንበተናለን። ስለዚህ የይለፍ ቃሉን በማኅበሩ መዝገብ ላይ በእጅ ጽፈን፣ ያንኑ የአሮጌውን ፎንት ፋይል ለሰጠችን ጸሐፊ አስረከብናት፤ ሦስት ቅዳሜም አብረናት ተቀምጠን ጽሑፍ መለወጥን፣ ፎቶግራፍ ማቅለልንና መግለጫ መጻፍን አሳየናት። በሦስተኛው ቅዳሜ እርሷ ከእኛ ይልቅ ጥሩ ዐረፍተ ነገር ጻፈች፤ ምክንያቱም የምትጽፈውን ነገር ታውቀዋለች።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ያወራነው ለመመስገን እንዳልሆነ ከላይ የተናዘዝነው ይመሰክርልናል። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ የመንደራችሁን ማኅበር፣ የሸማኔውን፣ የሸክላ ሠሪዋን ወይም የማር አምራቹን ስም በስልካችሁ ፈልጉ፤ የማያገኙት ከሆነም እነርሱን ጠይቃችሁ አንድ ገጽ ጻፉላቸው። ገጽ ያላቸውም እንደ ሆነ ያችን ትንሽ ሣጥን ተመልከቱ፤ ምልክት ያለባት እንደ ሆነ አንሡላት። በሚቀጥለው ታኅሣሥ ይርጋጨፌ ለመሄድና ከጸሐፊዋ ጋር ገጹን ለማደስ የሚፈልግ ከታችኞቹ ክፍሎች ሁለት ተማሪ እንፈልጋለን። ለመጓጓዣው እናዋጣለን፤ ቡናውን ጋሼ ያቀርባሉ።